ቁጭ በል፣ ና፣ እጅ ስጥ፦ የግቢ ውሻችንን ስለማስተማር

(ለውሻ ባለቤቶችና ለልጆቻቸው ቅዳሜ ከሰዓት ከተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

ጤና ይስጥልኝ። ልጆችም አዋቂዎችም አብራችሁ በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ለዛሬው ወሬያችን ሁለታችሁም ታስፈልጋላችሁ፤ ምክንያቱን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

የአዲስ አበባ የግቢ ውሻ በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል ምን ይመስላችኋል? እኔ «ዝም በል!» ነው ባይ ነኝ። ከዚያ «ውጣ!» ይከተላል። ከዚያ «ሂድ ወዲያ!»። ሦስቱም ትእዛዝ ናቸው። ግን ማን አስተማረው? ማንም። ውሻው የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውዬው ተቆጥቷል። ጭራውን እግሩ መሀል ወሽቆ ዞር ይላል። እኛም «ገባው» ብለን ወደ ቤት እንገባለን። ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱን ካቆመበት ይቀጥላል።

ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። ለክትባት በየግቢው ስዞር ሁለት ዓይነት ውሻ ይገጥመኛል። አንዱን ለመያዝ ጥበቃው፣ የቤቱ ልጅና አንድ ጎረቤት ይረባረባሉ። ገመድ ይመጣል፣ ብርድ ልብስ ይመጣል። ውሻው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይቧጨራል፣ እኔ በላብ እጠመቃለሁ። ሌላው ግን «ቁጭ በል» ሲሉት ቁጭ ይላል። አገጩን ባለቤቱ መዳፍ ላይ ያሳርፋል። መርፌው ገብቶ ሲወጣ ዓይኑ ያለው ልጅቷ የያዘችው ቁራጭ እንቁላል ላይ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት የሰፈር ውሾች ናቸው። ልዩነታቸው ሁለተኛው ቤት ውስጥ በቀን አምስት ደቂቃ አብሮት የሚያሳልፍ ሰው መኖሩ ነው።

የማወራው ስለዚህች አምስት ደቂቃ ነው። ቁጭ ማለት፣ እጅ መስጠት፣ ሲጠሩት መምጣት፣ ቦታው ሄዶ መተኛት። ጨዋታ ይመስላሉ፤ ጨዋታም ናቸው።

«የሐበሻ ውሻ አይማርም»

ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ካልሆነ ትምህርት አይገባውም የሚል እምነት አለ። እኔ አይዋጥልኝም።

የሰፈራችንን ውሻ እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ሚኒባስ አሳልፎ አስፋልት ያቋርጣል። ሥጋ ቤቱ ስንት ሰዓት ላይ አጥንት እንደሚጥል ያውቃል። የቤቱን መኪና ድምፅ ከጎረቤት መኪና ለይቶ፣ ገና ከመታጠፊያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ የተማረ ፍጥረት «ቁጭ በል» አይገባውም ማለት ትንሽ ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየት ኅብረት ወደ ሕዋ የላከቻት ላይካ የሞስኮ ጎዳና ውሻ ነበረች። ክልስ ናት፤ ዘሯ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ሳይንቲስቶቹ የጎዳና ውሾችን የመረጡት ብርድና ረሃብ ችለው ያደጉ ናቸው ብለው ነው። ጠባብ ሳጥን ውስጥ ረግቶ መቆየትን፣ መታጠቂያ ለብሶ መቀመጥን አስለመዷት። መጨረሻዋ አያምርም። በሕይወት አልተመለሰችም፤ እንድትመለስም አልታሰበም ነበር። እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከፋኛል። ስለ ዘር ለሚያወራ ሰው ግን ላይካን መጥቀስ አልተውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ። መንገድ ላይ አንድ ውሻ እየጮኸ ወደ እናንተ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?

(ከተሰብሳቢው ብዙ ድምፅ፦ «ጎንበስ!»)

አያችሁ! ድንጋይ መኖሩ እንኳ አያስፈልግም። ንጹህ አስፋልት ላይ ጎንበስ ብትሉ ውሻው ይፈረጥጣል። ይህ በአገራችን ከሁሉ በላይ የተስፋፋው የውሻ ትምህርት ነው። ምልክት አለ፦ ጎንበስ ማለት። ከምልክቱ በኋላ የሚመጣ ነገር አለ፦ ድንጋይ። ውሻው ሁለቱን አያይዟቸዋል፤ ብዙ ጊዜም አልፈጀበትም። እኛ ቤት ውስጥ የምናደርገውም ይኸው ነው። ከምልክቱ በኋላ የሚመጣውን ብቻ እንቀይራለን። በድንጋይ ፈንታ ጉርሻ።

ከዚህ የምትወስዱት አንድ የሥራ ምክር አለ። ስታስተምሩ ውሻው ላይ አታጎንብሱ። በተለይ ከጎዳና ያነሳችሁት ከሆነ ገና ስታጎነብሱ ትምህርቱ አለቀ። በርጩማ አውጡና ተቀመጡ። ጎናችሁን ስጡት። ዓይን ዓይኑን አትዩት።

ጉርሻው ምን ይሁን?

የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። ከዚያ አትበልጥም። ትልቅ ከሆነ ውሻው ሲያኝክ ትምህርቱን ይረሳዋል፣ ቶሎም ይጠግባል።

ከሥጋ ቤት የሚገዛ ሳንባ በጣም ጥሩ ነው። በደንብ ቀቅሉት፣ ሲበርድ በትንንሹ ክተፉት፣ የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። የተቀቀለ እንቁላልም ይሆናል። ለቀላል ትምህርት፣ ማለትም ግቢ ውስጥ ሌላ ግርግር በሌለበት ሰዓት፣ ዳቦም ይበቃል። መንገደኛ በሚያልፍበት በር ላይ ግን ዳቦ አይሠራም። እዚያ ሳንባ ያስፈልጋል።

የወጥ ትርፍ አትስጡ። በርበሬው ብቻ አይደለም ችግሩ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የዶሮ ወጥ አጥንት ሲበስል ተሰንጣሪ ይሆናል፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ዘቢብ ኩላሊቱን ይጎዳል። ቸኮሌት መርዙ ነው። ስኳር የለውም ተብሎ የሚሸጥ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ልጆች፣ ይህቺን ያዟት።

በጉርሻ የሰጣችሁትን ያህል ከራቱ ላይ ቀንሱ። ይኸው ነው።

ያቺ አንዲት ሰከንድ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ብዙ ሰው ውሻው እምቢ አለኝ የሚለው እዚህ ጋ ተሰናክሎ ነው።

ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ስለ ምግብ መፈጨት የሚያጠና ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚያ ጥናት ነው። ውሾቹ ግን ሌላ ነገር አሳዩት። ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ ምግብ የሚያመጣውን ሰው ኮቴ ሲሰሙ ምራቃቸው ይዝረበረብ ጀመር። ከዚያ በኋላ ሜትሮኖም (በእኩል ምት ጠቅ ጠቅ የሚል መሣሪያ) እና ሌላም ድምፅ እያሰማ፣ አስከትሎ ምግብ እየሰጠ ሞከረው። ድምፁ ራሱ የምግብ ያህል ሆነ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ እንስሳት ማስተማር በጻፈው ጽሑፍ ላይ ይህንኑ ለቤት ውሻ አመጣው። ስትጫን ጠቅ የምትል የልጆች መጫወቻ ያዙ አለ። ድምፁን አሰሙ፣ ወዲያው ጉርሻ ስጡ። ውሻው ድምፁን ሲሰማ ወደ እጃችሁ መዞር ከጀመረ፣ ድምፁ መልእክት ሆኗል ማለት ነው። መልእክቱም «አሁን ያደረግከው ነው ልክ» የሚል ነው።

እኛ መጫወቻውን ፍለጋ መዞር የለብንም። አናቱን ሲጫኑት ጠቅ የሚል እስክሪብቶ አለ አይደል? እሱ ይበቃል። እስክሪብቶ ካስቸገራችሁ አንዲት አጭር ቃል ምረጡ። «ጎበዝ» ጥሩ ነበረች፤ ግን ቀኑን ሙሉ ለልጁም ለጎረቤቱም ስንላት ስለምንውል ለውሻው ትርጉሟ ይሟሟል። እኔ «ያዝ» የምትለዋን እመርጣለሁ።

ድምፁ ለምን አስፈለገ? ይህን ተመልከቱ። ውሻው ቁጭ አለ። እናንተ ደስ አላችሁ። እጃችሁን ኪስ ከተታችሁ፣ ፌስታሉን አወጣችሁ፣ ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ። ውሻው የፌስታሉን ድምፅ ሲሰማ ብድግ አለ። ቋጠሮውን ፈታችሁ፣ ሳንባዋን አወጣችሁ፣ ሰጣችሁት። ምን አስተማራችሁት? ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ብድግ ማለትን። በነጋታው ቁጭ በል ስትሉት ኪሳችሁን እያየ ይቆማል። «ይሄ ውሻ ደነዝ ነው» ትላላችሁ። እሱ ግን የተከፈለበትን ነው የሠራው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ጉርሻዎቹን ቀድማችሁ ፌስታል በሌለበት ኩባያ ውስጥ አዘጋጁ። ቂጡ መሬት የነካባት ቅጽበት ላይ ጠቅ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ጉርሻው ሁለት ሰከንድ ቢዘገይም ችግር የለውም። ድምፁ ያቺን ቅጽበት ይዞላችኋል።

ቁጭ በል

በርጩማችሁ ላይ ተቀምጣችኋል። ውሻው ፊት ለፊታችሁ ቆሟል። ጉርሻዋን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ይዛችሁ አፍንጫው ሥር አስጠጉ። ይልስ፣ አትስጡት። አሁን እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ ከአፍንጫው ወደ ላይ፣ ከዚያ በጆሮዎቹ መሀል ወደ ኋላ ውሰዱት። አፍንጫው እጃችሁን ይከተላል። ጭንቅላቱ ቀና ሲል ወገቡ ዝቅ ይላል። ቂጡ መሬት ነካ፤ ጠቅ፤ ጉርሻ።

እጃችሁ በጣም ከፍ ካለ ይዘላል። በጣም ከፈጠናችሁ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ካፈገፈገ ግድግዳ አስጠግታችሁ ሞክሩ፤ መሄጃ ሲያጣ ይቀመጣል። ወገቡን በእጃችሁ አትጫኑት። የተጫኑት ውሻ ይገፋል፤ ሰውም ቢሆን ከኋላው ሲገፉት ይቆማል እንጂ አይሄድም።

እስካሁን ምንም ቃል አልተናገራችሁም። ልብ በሉ፤ ቃሉ ኋላ ነው የሚመጣው። ውሻው እጃችሁን ተከትሎ ያለ ችግር ሲቀመጥ ጉርሻዋን በሌላኛው እጅ ያዙና በባዶ እጃችሁ ያንኑ እንቅስቃሴ አሳዩት። ሲቀመጥ ጠቅ። ይህ ከሠራ በኋላ «ቁጭ በል» በሉ፣ አንዲት ሰከንድ ቆዩ፣ እጃችሁን አንሱ። ቃል፣ ከዚያ ምልክት። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጋችኋቸው ውሻው ቃሉን አይሰማም። እጃችሁን ብቻ ነው የሚያየው።

እውነት ቃሉን አውቆት እንደሆነ መፈተሽ ቀላል ነው። እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምሩ፣ ፊታችሁን ወደ ሌላ ቦታ አዙሩ፣ «ቁጭ በል» በሉ። አብዛኛው ውሻ ግራ ተጋብቶ ያያችኋል። አትዘኑ። በበርሊን እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሀንስ የሚባል ፈረስ ነበረ። ሂሳብ ይሠራል ተብሎ አገር ጉድ አለ። ሁለት ሲደመር ሦስት ሲሉት በሰኮናው አምስት ጊዜ ይመታል። ኦስካር ፉንግስት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1907 መረመረውና ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ፈረሱ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ጭንቅላቱን በትንሹ ያነሳል። ሀንስ ያቺን አይቶ ያቆማል። ሂሳብ አያውቅም፤ ሰው ግን አሳምሮ ያነባል። የኛም ቡቺ እንደዚያው ነው። እኛ አፍ አፋችንን እንናገራለን፣ እሱ ትከሻችንን ያያል።

ልጆችም አዋቂዎችም ታስፈልጋላችሁ ያልኩት ለዚህ ነው። አባት «ቁጭ በል» ይላል። ልጅ ፊልም ላይ ያየውን «ሲት» ይላል። እናት «አርፈህ ተቀመጥ» ትላለች። አንድ ቤት፣ ሦስት ቋንቋ። ዛሬ ማታ ተሰብሰቡና አንዱን ምረጡ። ስትመርጡ ጥበቃውንም ጥሩት፤ ከሁላችሁም በላይ ከውሻው ጋር የሚውለውና የሚያድረው እሱ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ልጅቷ ለወራት ያስተማረችውን ውሻ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይዘዙት» ስንላቸው ጥበቃው ራሳቸው በሹክሹክታ አስቀመጡት። ለካ ማታ ማታ ከራታቸው እያካፈሉ ከእሷ የተሻለ አስተምረውታል።

እጅ ስጥ፣ ተኛ፣ ዙር

እነዚህን በፍጥነት እንለፋቸው። ቁጭ በልን ያወቀ ውሻ አይቸገርባቸውም።

እጅ ለማሰጠት ጉርሻውን ጨብጣችሁ እጃችሁን ከደረቱ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ያሸታል፣ ይልሳል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ዝም በሉ። በመጨረሻ በፊት እግሩ ይጭራል። በዚያች ቅጽበት ጠቅ አድርጉና ጭብጣችሁን ክፈቱ። ለ«ተኛ» ከተቀመጠበት ጉርሻዋን ከአፍንጫው ቀጥ አድርጋችሁ ወደ መሬት፣ ከዚያ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ለ«ዙር» አፍንጫውን በጉርሻ እየመራችሁ ክብ አዙሩት።

እጅ መስጠት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ውሻው ይህቺ ነገር እንደምታበላው ካወቀ ሳይጠየቅ ለሁሉም እጁን ይሰጣል። በክረምት፣ ከነጭቃው። ከቤተ ክርስቲያን ለተመለሱ እማማ፣ ነጭ ነጠላ ላይ። ስለዚህ ቃሉን ካስገባችሁ በኋላ ሳትጠይቁት ለሰጣችሁ እጅ ምንም አትክፈሉ።

ና

ከሁሉም የሚያስፈልገው ይህ ነው። ብዙዎቻችን ያበላሸነውም ይህንኑ ነው።

የብዙ ግቢ ውሻ ቀን ይታሰራል ወይም ቤቱ ውስጥ ይዘጋበታል፤ ማታ ይለቀቃል። ጠዋት ሲሆን ጥበቃው በር ላይ ቆሞ «ና! ቡቺ፣ ና!» ይላል። ቡቺ ከመጣ ምን ያገኛል? ሰንሰለት። ነገም ሰንሰለት፣ ከነገ ወዲያም ሰንሰለት። ሳምንት ሳይሞላ ቡቺ «ና» ሲባል ከመኪናው ሥር ይገባል። ቃሉን አልተማረም እንዳትሉ። በደንብ ተምሮታል።

እንዲህ የተበላሸን ቃል ከመጠገን አዲስ ቃል መጀመር ይቀላል። «ወደኔ» በሉ፣ ወይም አፏጩ። መጀመሪያ ከሁለት እርምጃ ርቀት ጥሩት፤ ሲመጣ ጠቅ፣ ጉርሻ፣ ከዚያ ልቀቁት። መልቀቁ ከጉርሻው አያንስም። መጥቶ መሄድ እንደሚችል ሲያውቅ መምጣት አይከብደውም። በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት ጠርታችሁ ልቀቁት። ገላውን ለማጠብ፣ መድኃኒት ለመስጠት ወይም ለማሰር ስትፈልጉ አትጥሩት፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ አምጡት። ጠዋት ወደ ቤቱ ሲገባም ቁርሱን እዚያ ውስጥ አስቀምጡለት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠርታችሁት ዘግይቶ ከመጣ አትቆጡት። እናንተ የምትቆጡት ለመዘግየቱ ነው፤ እሱ ግን የተቆጣችሁት ሲመጣ ነው።

ጆንያው

እኔ በጣም የምወደው ትምህርት ይህ ነው። ንጹህ ጆንያ ወይም ያረጀ ምንጣፍ አንጥፉ። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ውሻው አየት ሲያደርገው ጠቅ፣ ጉርሻውን ጆንያው ላይ ጣሉለት። ቀጥሎ ሲጠጋው ብቻ ክፈሉ። ቀጥሎ አንድ እግሩን ሲያሳርፍበት፣ ከዚያ አራቱን፣ ከዚያ ሲተኛበት። በእያንዳንዱ ደረጃ ጥቂት ቆዩና ዋጋውን ከፍ አድርጉበት። ቀድሞ ይከፈልበት የነበረው ሲቀርበት ግራ ይገባዋል፣ ይዞራል፣ ያስባል፣ ሌላ ነገር ይሞክራል። ይህን ሲያደርግ ማየት ከቴሌቪዥን ይበልጣል። ቸኩላችሁ እንዳታግዙት።

ሲተኛበት «ጆንያህ» የሚለውን ቃል አስገቡ። ከዚያ ቤተሰቡ ተራ በተራ በሩን ያንኳኳ። አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ጆንያው ላይ ከቆየ ክፈሉት። ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን በደንብ እየደበደበ። እንግዳ ሲመጣ ቡቺ በሩ ላይ ከመንጠልጠል ጆንያው ላይ ተኝቶ ጉርሻውን የሚጠብቅበት ቀን ይመጣል። አንኳኳ፣ ጮኸ፣ እኛም «ዝም በል!» እያልን አብረን ጮኽን። ይህ የለመድነው መንገድ ነው። ውሻው እኮ የምናግዘው ነው የሚመስለው።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልበል። የኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢግል የሚባል ዘር ውሾችን ከፋፍለው አስተምረው ነበር። በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ ብቻ የተማሩት በየቀኑ ከተማሩት ባነሰ የትምህርት ብዛት ነገሩን ያዙ። ስለዚህ አንድ ቀን ሥራ ቢበዛባችሁ፣ አንድ ቀን ዝናብ ቢመጣ ምንም አይደለም። ደግሞም አጭር ይሁን። ውሻው ማዛጋት፣ መሬት ማሽተት፣ ራሱን ማከክ ከጀመረ ጠግቧል። እሱ የሚያውቀውን አንድ ቀላል ነገር አሠሩትና ጨርሱ።

ከጥያቄዎቹ

አንድ አባት፦ ዶክተር፣ ውሻው እኮ የጥበቃ ነው። እጅ ስጥ እያልን ካጫወትነው አይለሰልስም?

ይህ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ቁጭ ማለት የቻለ ውሻ ማታ መጮህ አይረሳም። የግቢውን ሰው ከማያውቀው ሰው መለየትም አይተውም። የሚቀየረው እናንተ «በቃ» ስትሉት ማቆም መቻሉ ነው። ማቆም የማይችል ውሻ ሌባ ብቻ አይደለም የሚነክሰው። መብራት ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውም፣ የጎረቤት ልጅንም ይነክሳል። በዚህ አጋጣሚ፣ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻችሁንም በየዓመቱ አስከትቡ። አገጩን መዳፋችሁ ላይ ማሳረፍ ካስተማራችሁት ለእኔም ይቀለኛል።

አንዲት ልጅ፦ ጋሼ፣ እኔ ብቻዬን ላስተምረው እችላለሁ?

ትችያለሽ የኔ ልጅ፤ ግን ትልቅ ሰው አጠገብሽ ይኑር። ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ወይም ቡችላ ያላት ስትሆን አትጠጊ። ጉርሻውን በጣትሽ ጫፍ አትስጪው፤ መዳፍሽን ዘርግተሽ እዚያ ላይ አድርጊለት። አትቀፊው። ብዙ ውሻ ማቀፍ አይወድም፤ ችሎ ነው ዝም የሚለው። ፊቱን ካዞረብሽ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ ወይም ድርቅ ብሎ ከቆመ «በቃኝ» እያለሽ ነው።

አንድ ወጣት፦ እኛ ስንበላ ገበታው ሥር እየመጣ ያስቸግራል። ችላ ስንለው ባሰበት።

መባሱ ትክክል ነው። ሲከፈልበት የነበረ ነገር ድንገት ሲቀር መጀመሪያ ይጠናል፣ ከዚያ ነው የሚበርደው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚሰጠው ልክ ሲጠና ነው። ያኔ ውሻው «ለካ ጠንክሬ መለመን ነበረብኝ» ይላል። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ቤት ውስጥ በስውር የሚወረውርለት ሰው አለ። (ሳቅ) አልፎ አልፎ የሚመጣ አጥንት ሁልጊዜ ከሚመጣው ይልቅ ልመናን ያጠነክራል። አያትህን በትህትና አስለምኗቸው። ገበታ ሲቀርብ ጆንያው ላይ ላኩት፤ የእሱን ድርሻ እዚያው ይብላ።

ሌላ ሰው፦ ያረጀ ውሻስ?

ይማራል። ቡችላ ሲሆን፣ በተለይ እስከ ሦስት ወር ተኩል ገደማ፣ ሰውንና አዲስ ነገርን መልመድ ይቀለዋል። ቁጭ በልን ለመማር ግን የዕድሜ ገደብ የለም። ያረጀውን ውሻ መጀመሪያ ወገቡንና ጉልበቱን አሳዩልኝ። ቁጭ ማለት የሚያመው ከሆነ እምቢታው እምቢታ አይደለም።

አንዲት እናት፦ ዶክተር፣ በዓቢይ ጾም ምን እንስጠው? ሃምሳ አምስት ቀን ቤት ውስጥ ሥጋም እንቁላልም የለም። የሰፈራችን ሥጋ ቤትም ይዘጋል።

እሱ አይጾምም፣ እኛ ግን ቤቱን እናጾመዋለን። (ሳቅ) ለዋና ምግቡ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሳንባ ገዝታችሁ ቀቅላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ቤታችሁ ማስገባት ካልወደዳችሁ የታሸገ ደረቅ የውሻ ምግብ አለ፤ ፍሬ ፍሬውን ለጉርሻ መጠቀም ይቻላል። ለትምህርቱ ብቻ ከሆነ ግን የተቀቀለ ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ጨው የሌለው ቂንጣቢ ዳቦ ይሠራል። ካሮቱን በትንንሹ ቁረጡትና አቀዝቅዙት። ትኩስ ከሆነ ይተፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ካሮት አይቀምስላችሁም።